ቼሎ ከልጅነት፦ የአንድ ሙያ ረጅም መንገድ

(መግቢያ፦ ቼሎ ብቻውን ለጥቂት ሰከንዶች ይሰማል፤ ከዚያ ዝቅ እያለ ይሄዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ አንድ የሙዚቃ ሙያ ነው። አሁን የሰማችሁት ድምፅ የቼሎ ነው። ወፈር ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ሰው ሲያንጎራጉር የሚመስል ድምፅ ነው። በፊልም ሙዚቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል፤ ምናልባት ስሙን ግን ማንም አልነገራችሁም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እዚህ ልደታ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ በአንዱ የሚኖር የሰባት ዓመት ልጅ ቼሎ ተጫዋች ልሁን ቢል፣ እናትና አባቱ ምን ይጠብቃቸዋል? ስንት ዓመት ይማራል? ከማን ይማራል? ሲጨርስስ እንጀራ ይሆነዋል? ሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ እንዳለው፣ የእኛ ከተማስ ምን መልስ እንዳላት በቅደም ተከተል እናያለን። በዝግጅቱ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

በቅድሚያ መሣሪያውን እንወቀው። ቼሎ የቫዮሊን ቤተሰብ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አራት መሣሪያዎች አሉ፦ ትንሹ ቫዮሊን፣ ከፍ የሚለው ቪዮላ፣ ቀጥሎ ቼሎ፣ ትልቁ ደግሞ ኮንትራባስ። ቼሎ የተወለደው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን ነው። ክሬሞና በምትባለው ከተማ አንድሬያ አማቲ የተባለ ባለሙያ ከሠራቸው ቼሎዎች መካከል እስከ ዛሬ የተጠበቀ አለ። የመሣሪያው ቁመት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መካከል ያቆመዋል፤ ከታች በብረት ዘንግ መሬት ላይ ይቆማል፤ ከላይ ደረቱን ተደግፎ አንገቱ በተጫዋቹ ግራ ጆሮ አጠገብ ያልፋል። አራት አውታሮች አሉት። ከወፍራሙ ሲጀመር ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ። ከወፍራም የወንድ ድምፅ ተነሥቶ ከቀጭን የሴት ድምፅ በላይ መውጣት ይችላል። የሰውን ልብ በቶሎ የሚነካው ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ በሰው ድምፅ ክልል ውስጥ ስለሚመላለስ ነው ይባላል።

አውታሮቹ የሚመቱት በደጋን ነው። ደጋኑ በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው፤ ጭራው አውታሩን ይዞ እንዲያናግረው ሙጫ ይቀባል። ይህን ሰምቶ መሰንቆን ያላስታወሰ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። የእኛ መሰንቆም በፈረስ ጭራ ይመታል፤ ሙጫ ይቀባል፤ አዝማሪው ሲቀመጥ በጉልበቱ ይይዘዋል። ልዩነታቸውም ግልጽ ነው። መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ እርሱም የፈረስ ጭራ ነው። ሆዱ አራት ማዕዘን ሆኖ በቆዳ የተሸፈነ ነው። የአዝማሪው ጣት ጭራውን በአየር ላይ ይነካዋል እንጂ እንጨት ላይ አይጫነውም። የቼሎ ተጫዋች ግን አውታሩን በጥቁር ጠንካራ እንጨት ላይ ይጫነዋል።

ከልዩነታቸው ይልቅ ለዛሬ ትምህርታችን የሚጠቅመን አንድነታቸው ነው። ጊታር ላይ የብረት መስመሮች አሉ፤ ጣት የት እንደሚያርፍ ይነግሩታል። ፒያኖ ላይ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቁልፍ አለው። መሰንቆና ቼሎ ግን ምንም ምልክት የላቸውም። ድምፁን የሚያገኘው የተጫዋቹ ጆሮ ነው። ጣቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከሳተ ድምፁ ይሳሳታል፤ አድማጭም ወዲያው ያውቀዋል። የቼሎ ትምህርት ሁሉ መሠረት ይህ ነው። ጆሮ ካልሠለጠነ እጅ ምንም ያህል ቢፈጥን ዋጋ የለውም።

(አጭር የመሰንቆ ዜማ፤ ቀጥሎ ተመሳሳዩ ዜማ በቼሎ)

ጆሮ ደግሞ የሚሠለጥነው በልጅነት ነው። ለምሳሌ ዣክሊን ዱ ፕሬ የተባለችው እንግሊዛዊት የቼሎ ተጫዋች በ1945 ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች፣ በአራት ዓመቷ፣ ቤታቸው ባለ ሬዲዮ የቼሎን ድምፅ ሰማችና ያን ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ እንዲገዛላት እናቷን ጠየቀች። በአምስት ዓመቷ ለንደን ውስጥ በቼሎ ትምህርት ቤት ገባች። በ10 ዓመቷ ዊልያም ፕሊዝ የተባለ ታላቅ መምህር ተረከባት። በ16 ዓመቷ ለንደን በሚገኘው የዊግሞር አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቀረበች። በ1965፣ ገና በ20 ዓመቷ፣ የኤልጋርን የቼሎ ኮንቼርቶ፣ ማለትም ቼሎ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ድርሰት፣ አስቀረጸች፤ ያ ቅጂ ዛሬም ይደመጣል። በ28 ዓመቷ ብዙ የነርቭ አካላትን የሚጎዳ በሽታ እንዳለባት ታወቀ፤ መጫወት አቆመች፤ በ1987 አረፈች። ዕድሜዋ አጭር ቢሆንም ስሟ የቆየው በልጅነቷ የተጣለው መሠረት ጽኑ ስለ ነበረ ነው።

ሌላው ምሳሌያችን ስፔናዊው የቼሎ ተጫዋች ፓብሎ ካሳልስ ነው፤ በ1876 ተወለደ። በ13 ዓመቱ ከአባቱ ጋር ባርሴሎና ውስጥ አሮጌ የሙዚቃ ወረቀት በሚሸጥ መደብር ሲያገላብጥ፣ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ለቼሎ ብቻ የደረሳቸውን ስድስት ስዊቶች አገኘ። ስዊት ማለት የጭፈራ ዜማዎች በተከታታይ የሚቀርቡበት ድርሰት ነው። ባኽ እነዚህን የጻፋቸው በ1720 ገደማ ነው፤ ካሳልስ ባገኛቸው ጊዜ ግን ከልምምድ ወረቀት አልፈው ለሕዝብ የሚቀርቡ ሥራዎች ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው እምብዛም አልነበረም። ካሳልስ በየቀኑ አጠናቸው። ሕዝብ ፊት አንዱን ስዊት ሙሉ ለመጫወት የደፈረው ከ12 ዓመት ያህል ልምምድ በኋላ ነው። ዛሬ እነዚህን ስድስት ስዊቶች የማይጫወት የቼሎ ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል።

እስቲ የትምህርቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል እንያቸው። ሕፃናት ሙሉውን ቼሎ መያዝ ስለማይችሉ በልካቸው የተሠሩ ትንንሽ ቼሎዎች አሉ፤ ከሙሉው ስምንተኛ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እየተባሉ ይጠራሉ። ልጁ ሲያድግ መሣሪያው ይቀየርለታል። በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው አቀማመጥ፣ የደጋን አያያዝና ያልተጫኑ አውታሮችን በረጅሙ መሳብ ነው። አንድ ድምፅን ከደጋኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳያንቀጠቅጡ መሳብ ቀላል ይመስላል፤ ግን ወራት ይፈጃል። ቀጥሎ ግራ እጅ ይሠራል፤ ስኬል ይጠናል፤ ኖታ ማንበብ ይጀመራል። ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ እጅ በመሣሪያው አንገት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድን ይለምዳል፤ ድምፅን በጣት ማወዛወዝ፣ ቪብራቶ የሚባለው፣ ይጨመራል። ከዚያ በኋላ አውራ ጣት ራሱ አውታር ላይ ወጥቶ ከፍተኛ ድምፆችን መያዝ ይማራል።

በየደረጃው የታወቁ የልምምድ መጻሕፍት አሉ። የፈረንሳዊው ዱፖር 21 ኤቱዶችና የዴቪድ ፖፐር 40 ኤቱዶች ከመሠረታዊዎቹ መካከል ናቸው። ኤቱድ አንድን የእጅ ችግር ለይቶ የሚያሠለጥን ድርሰት ነው። ከእነዚህ በኋላ የኮንቼርቶ ተራ ይመጣል። ሃይድን በዶ ሜጀር የጻፈው ኮንቼርቶ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቶ በ1961 ፕራግ ውስጥ የተገኘ ሥራ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ወጣት የቼሎ ተማሪ ያልፍበታል። ቀጥሎ ድቮርዣክ አሜሪካ በነበረ ጊዜ የጻፈው ታላቅ ኮንቼርቶ አለ።

የሰዓቱ ነገርስ? ትንሽ ልጅ በቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢለማመድ ይበቃዋል፤ ዋናው በየቀኑ መሆኑ ነው። በጉርምስና ዕድሜ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይሆናል። ኮንሰርቫቶሪ፣ ማለትም ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ሲገባ አራትና አምስት ሰዓት ይደርሳል። ከዚያ በላይ ያለ ዕረፍት መሥራት ጅማት ይጎዳል፤ ጥሩ መምህር ተማሪውን ማረፍንም ያስተምረዋል። ትምህርቱ አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ ነው። በብዛት ተቀምጦ በመስማት ብቻ ቼሎ አይለመድም፤ የእያንዳንዱን ልጅ ትከሻና ክርን ዐይቶ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል።

ውድ አድማጮች፣ ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሙዚቃን በልጅነት መጀመርን፣ ለአንድ መምህር መገዛትን፣ ዓመታትን መስጠትን አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የቤተ ክርስቲያናችንን የዜማ ትምህርት አስቡ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ የተያያዘ ነው። ልጁ በፊደል ይጀምራል፤ ንባብ ይቀጥላል፤ ውዳሴ ማርያም፣ ጾመ ድጓ፣ ድጓ እያለ ይወጣል። ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ በጆሮው ይለያል። የኔታ ያዜማሉ፤ ተማሪው ይከተላል፤ ሲስት ይመለሳል። ድጓን አጠናቆ ለመመስከር ወደ ደቡብ ጎንደር ቤተልሔም ይወርዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ይሄዳል። በልጅነቱ የገባ ተማሪ ጢም ካበቀለ በኋላ ነው መምህር የሚባለው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ በ18 ዓመቱ ሀ ብሎ ጀምሮ የድጓ መምህር የሆነ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አዝማሪዎችም እንዲሁ ናቸው። ጎንደር አጠገብ እንዳለው ቡርቦክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች ልጅ መሰንቆን የሚማረው ከአባቱና ከአጎቶቹ ነው፤ ገና በልጅነቱ ደጋን ይይዛል።

ይህን የምናውቅ ሕዝብ ከሆንን፣ የአውሮፓን የአውታር መሣሪያ ስንቀበል ለምን ከልጅነት አልጀመርንም? ለዚህ ታሪኩን እንመልከት።

(የናስ ባንድ ድምፅ ለጥቂት ሰከንዶች)

ዘመናዊ የሙዚቃ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው በናስ መለከቶች ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላይ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎችን ላኩ። በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አስመጡ፤ አርባ ልጆች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የእነርሱም መሣሪያ ናስ ነበር። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ትራምፔትና ሳክስፎን የእኛ ሆነው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ወታደሩ ደመወዝ እየተከፈለው ይማር ነበር፤ ሲማርም የሚጫወትበት ባንድ ይጠብቀው ነበር። የአውታር መሣሪያ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም። በሰልፍ ላይ ቼሎ ይዞ መሄድ አይቻልም፤ ስለዚህ ለሰልፍ ባንድ አላስፈለገም።

ሆኖም መልካም ጅምሮች ነበሩ። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣላችሁ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ነው። በ1923 አዲስ አበባ ውስጥ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ቤት ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸው የውብዳር ነው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ቫዮሊንን የጀመሩት እዚያ ነው። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ጣሊያን ውስጥ በግዞት ቆዩ። ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በዚያም በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ፒያኖ። ኮንቶሮቪች በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል። እማሆይ ግን ለንደን ሄደው የሚማሩበት ዕድል ሲከለከላቸው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። ከዓመታት በኋላ በፒያኖ ድርሰቶቻቸው ዓለም ዐወቃቸው፤ በ2023 በኢየሩሳሌም አረፉ። የእርሳቸው ታሪክ የሚያስተምረን ነገር ግልጽ ነው። ኢትዮጵያዊት ልጅ በልጅነቷ ደጋን ይዛ፣ ጥሩ መምህር አግኝታ፣ ዘጠኝ ሰዓት ስትሠራ የትም መድረስ ትችል ነበር። የእርሳቸው መንገድ የተቋረጠው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው።

በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። ከልደታ ተነሥታችሁ በሜክሲኮ በኩል ብትሄዱ በእግር ትደርሳላችሁ። ቴአትሩ የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን እዚያ ለብዙ ዓመታት አቀነባብረዋል፣ መርተዋል፣ አስተምረዋል። የቴአትር ኦርኬስትራ ለአውታር ተጫዋች ትልቅ ነገር ነው፤ ደመወዝ ያለው ወንበር ማለት ነውና።

በ1960ዎቹ ደግሞ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። እርሳቸው አሜሪካ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በኋላም በዶክትሬት የተመረቁ አቀናባሪና ተመራማሪ ነበሩ። በ1967 ሃንጋሪ ውስጥ የመንግሥቱን ኦርኬስትራ መርተዋል። እረኛው ባለ ዋሽንት የተባለው ድርሰታቸው የዋሽንትን መንፈስ ወደ ኦርኬስትራ ያመጣ ሥራ ነው። ያሬድ ትምህርት ቤት በቡልጋሪያ ድጋፍ አደገ፤ የቡልጋሪያ መምህራንም አስተማሩበት። መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ለጎን የሚሰጡበት ቤት ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

ከዚህ ቤት ከወጡት አንዱ ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ናቸው። በልጅነታቸው ክራር ይጫወቱ ነበር። ፒያኖን የተዋወቁት ያሬድ ሲገቡ በ16 ዓመታቸው ነው። ከዚያ ወደ ቡልጋሪያ ሄደው በሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ተማሩ፤ የአገሩ መንግሥት ሲለወጥ የትምህርት ድጋፋቸው ተቋርጦ ወደ ጣሊያን ሄዱ፤ ረዳት አግኝተው ተመልሰው ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ወደ አገራቸው ገብተውም በያሬድ አስተማሩ። አምባሰልን በፒያኖ አስደምጠዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የዛሬውን ዋና ሐሳብ ልናገር። ግርማ በ16 ዓመታቸው ጀምረው ለዚህ መብቃታቸው የእርሳቸው ልዩ ጽናት ነው። መሣሪያቸው ፒያኖ መሆኑም አግዟቸዋል፤ ፒያኖ ላይ ድምፁ ተቃኝቶ ይጠብቃል። ቼሎ ላይ ግን ድምፁን ራስህ ትፈልጋለህ። በ18 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቼሎ የያዘ ተማሪ ለራሱ ደስታ መጫወት ይችላል፤ መጫወትም አለበት። መምህርም ሊሆን ይችላል። በዓለም ኦርኬስትራ ፈተና ላይ ግን ከእርሱ ጎን የሚቀመጠው በስድስት ዓመቱ የጀመረ ሰው ነው። እኛ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያለ ትምህርት ቤት አለን። የጎደለን ከሰባት ዓመት እስከ 17 ዓመት ያለው መንገድ ነው። ቼሎ ተጫዋቾቻችን የሚጠፉት በዚያ ባዶ ቦታ ነው።

(የቼሎ ሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። የቼሎ ተጫዋች ሥራ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ኦርኬስትራ ነው። አንድ ትልቅ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ስምንት፣ አሥርና ከዚያም በላይ የቼሎ ተጫዋቾች ይቀጥራል። ቅጥሩ በፈተና ነው፤ በብዙ አገር ተፈታኙ ከመጋረጃ ጀርባ ይጫወታል። ዳኞች ፊቱን አያዩም፤ ስሙን አያውቁም፤ ድምፁን ብቻ ይሰማሉ። ሁለተኛው አነስተኛ ቡድን ነው፤ በተለይ ስትሪንግ ኳርቴት፣ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ያለው። ሦስተኛው ለብቻ መጫወት ነው፤ ይህ ለጥቂቶች ብቻ የሚሳካ ነው። አራተኛው ማስተማር ነው፤ አብዛኞቹ ባለሙያዎች የሚኖሩት በዚህና በኦርኬስትራ ነው። አምስተኛው ስቱዲዮ ነው፤ ለፊልም፣ ለማስታወቂያና ለዘፈን መቅረጽ።

ወላጆች እውነቱን ማወቅ አለባቸው። ይህ ሙያ በቶሎ ሀብት አያመጣም። ግን በየትኛውም አገር የሚያገለግል፣ በጡረታ የማያበቃ ሙያ ነው። ልጁ ባለሙያ ባይሆን እንኳ ያገኘው ትዕግሥት፣ የመስማት ችሎታና ከሌላው ጋር አብሮ የመሥራት ልማድ ለሕክምናም ለምህንድስናም ይጠቅመዋል።

ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው የሚል አድማጭ ካለ፣ አፍሪካን እንይ። ኮንጎ ኪንሻሳ ውስጥ አርማንድ ዲያንጊዬንዳ የተባለ ሰው ቀድሞ አብራሪ ነበር። ሥራውን ሲያጣ በ1994 የኪምባንጊስት ሲምፎኒ ኦርኬስትራን አቋቋመ። በቂ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ በተራ ይለማመዱ ነበር። የቫዮሊን አውታር ሲበጠስ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተክተዋል። መሣሪያዎችን ራሳቸው ሠርተዋል። ዛሬ ኦርኬስትራው በዓለም ይታወቃል። ደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ውስጥ ደግሞ በ1997 የተመሠረተው በስካይድ የተባለ የአውታር መሣሪያ ትምህርት ቤት አለ፤ የሰፈር ልጆችን ከታናሽነታቸው ይዞ ያስተምራል።

ከደቡብ አፍሪካ ሴቦኬንግ ከተማ የወጣው የቼሎ ተጫዋች አቤል ሴላኦኮዬ በ1992 ተወለደ። በሶዌቶ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰጥ የሙዚቃ ትምህርት ጀመረ፤ በኋላ ማንቸስተር ባለው ሮያል ኖርዘርን ኮሌጅ ኦፍ ሚውዚክ ተማረ። አቤል ባኽን ይጫወታል፤ ቼሎውን እየመታም በአገሩ ቋንቋ ይዘምራል። ዓለም ይህን እንደ ትልቅ አዲስ ነገር ተቀብሎታል። እኛ ግን ደጋን እየሳበ የሚዘፍን ሰው እናውቃለን፤ አዝማሪያችን ይህን ሲሠራ ዘመናት አልፈዋል። ኢትዮጵያዊ የቼሎ ተጫዋች በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝት ጆሮው የተገራ፣ ከባኽም የተማረ ሆኖ ሲመጣ ለዓለም የሚሰጠው ነገር ይኖረዋል። ይህን ከእኛ በቀር ማንም ሊሰጥ አይችልም።

እንግሊዛዊው ሼኩ ካኔ ሜሰንም ትምህርት ይሰጠናል። በኖቲንግሃም በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው፤ ከሰባት ልጆች ቤት የወጣ ነው፤ ሰባቱም መሣሪያ ይጫወታሉ። በስድስት ዓመቱ ቼሎ ጀመረ። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ለንደን እየሄደ ተማረ። በ2016፣ በ17 ዓመቱ፣ የቢቢሲን የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር አሸነፈ፤ ከጥቁር ሙዚቀኞች የመጀመሪያው ነው። ከእርሱ ስም ጀርባ ያለው በየሳምንቱ ባቡር ጣቢያ ያደርሱት የነበሩ ወላጆች ናቸው።

እንግዲህ በልደታ ምን ማድረግ ይቻላል? አምስት ነገሮችን ልጠቁም።

አንደኛ፣ የልጅን ጆሮ መክፈት። መሣሪያ ከመግዛት በፊት ልጁ ይስማ። በየቀኑ አሥር ደቂቃ የባኽ ስዊት፣ አሥር ደቂቃ የመሰንቆ ዜማ ማስደመጥ ዋጋ አይጠይቅም። ዝማሬ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ቀርቦ መስማትም ጆሮን ይገራል።

ሁለተኛ፣ በመሰንቆ መጀመር። ቼሎ ውድ ነው፤ መሰንቆ በአገር ውስጥ ይሠራል። መሰንቆ የሚያስተምር አዋቂ ከተገኘ፣ ልጁ የደጋን አሳሳብና የጆሮ ትክክለኛነት ይማራል። ይህ ትምህርት በኋላ ቼሎ ሲይዝ አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ የትምህርት ቤት ክበብ። የክፍለ ከተማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጋራ አንድ የአውታር መሣሪያ ክበብ ቢያቋቁሙና ከያሬድ የሚወጡ ወጣት ምሩቃን ቅዳሜ ቅዳሜ ቢያስተምሩ፣ ለምሩቃኑም ሥራ ይሆናል፤ ለልጆቹም ያ ባዶ ቦታ ይሞላል። ለአራት ልጆች አንድ ቼሎ ቢኖር ይበቃል፤ የኪንሻሳው ኦርኬስትራም የጀመረው በተራ እየተለማመደ ነው።

አራተኛ፣ ጥገና። አዲስ አበባ በበጋ ደረቅ ናት፤ በክረምት ርጥብ ናት። የቼሎ እንጨት በድርቀት ይኮማተራል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። መሣሪያውን ከፀሐይና ከምድጃ ማራቅ፣ በበጋ ሣጥኑ ውስጥ ርጥብ ስፖንጅ ማስቀመጥ ይረዳል። የተሰበረውን የሚጠግን ባለሙያም ያስፈልጋል። የሙያ ማሠልጠኛው ተግባረ ዕድ ጎረቤታችን ነው፤ በእንጨት ሥራ የሠለጠነ ወጣት የአውታር መሣሪያ ጥገና ቢጨምርበት ከተማዋ የሚያስፈልጋት ሙያ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ወንበር። ተማሪ የሚማረው የሚቀመጥበት ወንበር ሲያይ ነው። ቴአትር ቤቶቻችን፣ የባህል ተቋሞቻችንና የዘፈን አቀናባሪዎቻችን በኮምፒዩተር ከሚወጣው የአውታር ድምፅ ይልቅ ሰው ቢቀጥሩ፣ ሙያው ይቆማል። ናስ የቆመው በዚህ መንገድ ነው።

ለማጠቃለል አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፦ ቦሌ ሳይከፈት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚያ ነው። በዚያ ዘመን ሙዚቃን ጠልቆ ለመማር ከአገር መውጣት ግድ ነበር። ዛሬም ለመጨረሻው ደረጃ መውጣት ያስፈልግ ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ግን መውጣት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መምህር፣ ትንሽ ቼሎና በየቀኑ ልጁን የሚያስታውሰው ወላጅ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሙዚቃ ሰምቶ ቆም ካለ፣ ጥያቄውን አትለፉት። መምህራን ሆይ፣ ያወቃችሁትን በ18 ዓመት ላይ ላለ ተማሪ ብቻ አታቆዩት፤ ለሰባት ዓመት ልጅም ስጡ። የክፍለ ከተማችን የትምህርትና የባህል ኃላፊዎች ሆይ፣ አንድ ክበብ፣ ጥቂት መሣሪያዎች፣ አንድ መምህር በመመደብ ጀምሩ። ሥራው ዛሬ ቢጀመር የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎቹ ከአሥር ዓመት በኋላ በሚገባ ተዘጋጅተው ያሬድ ትምህርት ቤት ይገባሉ።

  

(የቼሎ ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ይሰማል)